«ኩላሊቴን» እያልን ኩላሊታችንን ስንረሳ

በመሥሪያ ቤታችን ከእኛ ጠረጴዛ ፊት ለፊት የሚቀመጡ አንድ ጋሼ አሉ። ጋሼ ከወንበራቸው በተነሡ ቁጥር አንድ እጃቸውን ወደ ወገባቸው ሰደድ አድርገው «እህህ፥ ኩላሊቴን!» ሳይሉ አይነሡም። ጠዋት ሲገቡ ኩላሊታቸውን ብርድ መትቷቸው ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መስኮት ስለ ተከፈተ ኩላሊታቸው ይነሣባቸዋል፤ ስብሰባ ከሁለት ሰዓት ያለፈ እንደ ሆነማ ኩላሊታቸው የስብሰባው ዋና ተቃዋሚ ይሆናል። ከኪሳቸው የማይጠፋው ዲክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ ክኒን ነው። ማን እንዳዘዘላቸው ቢጠየቁ «ዱሮ አንድ ሰው ነግሮኝ ነው» ይላሉ። ቡና ሲመጣ በቡና፥ ሻይ ሲመጣ በሻይ ይውጡታል።

በዚህ ነገር ጋሼን ብቻ መውቀስ አይገባም። ባገራችን አነጋገር ወገብና ኩላሊት ከተቀላቀሉ ቆይቷል። የተማረውም ያልተማረውም፥ ዕቃ አንሥቶ ወገቡን ሲይዘው ወይም ቀኑን ሙሉ ጎብጦ ሲጽፍ ውሎ ሲደክመው፥ «ኩላሊቴን» ይላል። እንዲህ ያለው ሕመም ግን ብዙውን ጊዜ የጡንቻና የአከርካሪ አጥንት ጉዳይ ነው። ኩላሊት ጠጠር ሲይዝ ወይም ተሕዋስያን ገብተውበት ሲቆጣ ያማል፤ እንዲያውም ክፉኛ ያማል። ቀስ በቀስ ሲደክም ግን በአብዛኛው ምንም አያምም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ለዚያ ለወገብ ሕመም ሳይታዘዝ የሚዋጠው ክኒን፥ ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን፥ ሲደጋገም ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም የሚቀንስና እውነተኛውን ኩላሊት የሚጎዳ መሆኑ ነው። ያልታመመውን ኩላሊት እናድናለን ብለን እናሳምመዋለን ማለት ነው።

በዛሬው እሑድ ይህን ጉዳይ ያነሣነው በጋሼ ላይ ለመሣቅ አይደለም። በሣቅ በኩል እኛ ራሳችን ያለብን ዕዳ ከጋሼ ይበልጣል፤ ወደ ኋላ እንናገረዋለን።

በግዕዙ ኵልያት የሚባሉት እነዚህ ሁለት ብልቶች በቀድሞ መጻሕፍት ከልብ ጋር እየተጣመሩ የሰው የውስጥ አሳብ መኖሪያ ሆነው ይነሣሉ። የዛሬው ሕክምና የአሳብን ነገር ለአንጎል ትቶ ለኩላሊት ሌላ ሥራ ሰጥቶታል፤ ሥራው ግን ከፊተኛው የሚያንስ አይደለም። እያንዳንዱ ኩላሊት የጭብጥ ያህል ሲሆን ክብደቱ ከ150 ግራም ብዙ አይርቅም። ይሁን እንጂ ልብ ከምትረጨው ደም አንድ አምስተኛው ያህል ወደነዚህ ሁለት ትንንሽ ብልቶች ይሄዳል። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ኔፍሮን የተባሉ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። እነዚህ ማጣሪያዎች በአንድ ቀን ውስጥ ከደም የሚያጣሩት ፈሳሽ 180 ሊትር ያህል ነው፤ አንድ በርሜል ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ከዚያ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሊትሩን ሽንት አድርገው ሲያስወጡ የቀረውን ከሚያስፈልገው ጨውና ስኳር ጋር መልሰው ለደም ያስረክባሉ። ይህ ብቻ አይደለም። የደምን ግፊት ይቆጣጠራሉ፤ መቅኔ ቀይ የደም ሕዋሳትን እንዲሠራ የሚያዝዘውን ሆርሞን ይልካሉ፤ ቫይታሚን ዲ ለአጥንት እንዲጠቅም አድርገው ያዘጋጃሉ። ስለዚህ ኩላሊቱ የደከመበት ሰው ሽንቱ ሳይጎድል ደም ሊያንሰውና አጥንቱ ሊሣሣ ይችላል፤ ዘመዶቹ ግን «ምግብ አልስማማው አለ» ይላሉ።

የኩላሊት ትልቁ ጥፋቱ ትዕግሥቱ ነው ብንል አንሳሳትም። ከማጣሪያዎቹ ብዙዎቹ ሲሞቱ የቀሩት የሞቱትን ሥራ ደርበው ይሠራሉ። አንባቢዎቻችን የመንግሥት ሠራተኞች ከሆናችሁ ይህን ለመረዳት አትቸገሩም፤ ሁለት ጸሐፊዎች የአምስት ሰው ሥራ ደርበው ሲሠሩ አለቃው የጎደለ ሰው መኖሩን የሚያውቀው ሁለቱም በአንድ ቀን ታመው የቀሩ እንደ ሆነ ነው። በደም ውስጥ የሚለካውና ክሬአቲኒን የሚባለው የጡንቻ ቆሻሻ እንኳ ከኩላሊት ሥራ ግማሽ ያህሉ እስኪጠፋ ድረስ ከልኩ ብዙም ላያልፍ ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሞች የክሬአቲኒኑን ቁጥር ከዕድሜና ከጾታ ጋር አስልተው ኩላሊቱ በደቂቃ ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚገምቱት። ግምቱ ከ90 በላይ ሲሆን ደኅና ነው፤ ከ60 በታች ሆኖ ሦስት ወር ከቈየ ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ ይባላል፤ ከ15 በታች ሲወርድ ኩላሊት ሥራውን አቆመ የሚባልበት ደረጃ ነው።

አሁን ወደ ዕዳችን እንመለስ።

በዩኒቨርሲቲ ሳለን በአንድ ዶርም ስድስት ሆነን እንኖር ነበር። ከስድስታችን አንዱ፥ ከሩቅ ክፍለ ሀገር የመጣ ጸጥተኛ ልጅ፥ በሦስተኛው ዓመት ራሱን ያመው ጀመር። እኛም «ንባብ አብዝቶ ነው» አልን። ጠዋት ጠዋት ዓይኑ ሥር አብጦ ሲነሣ «እንቅልፍ አሳበጠው» እያልን ሣቅንበት። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ሲነሣ በሩ ስለሚጮህ ተቈጣነው፤ እንዲያውም አንድ ሌሊት አንዳችን ጫማ ወረወርንበት። ሽንቱ እንደ ሳሙና አረፋ እንደሚያበዛ ራሱ አንድ ቀን በራት ላይ ነግሮናል። ያን ጊዜ የተናገርነውን ቀልድ እዚህ ላይ ለመጻፍ ብዕራችን አይደፍርም። ለራስ ምታቱ ከአንድ መድኃኒት ቤት እየተመላለሰ ማስታገሻ ይገዛ ነበር፤ በአንድ ክሊኒክም ሁለት ጊዜ መርፌ ወግተው ሰደዱት። ግፊቱን የለካው ግን አልነበረም። እኛም ለካ ብለን አልወሰድነውም፤ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ደም ብዛት አለበት ብሎ ማን ያስባል?

ተመርቆ ሥራ በያዘ በስምንተኛው ወር የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ አጥሮት መካከል ላይ ተቀመጠ። ሆስፒታል ሲያደርሱት ግፊቱ 210 በ130 ነበር። ክሬአቲኒኑ 14 ሆኖ ተገኘ፤ በጤነኛ ሰው ላይ 1 ገደማ መሆን የሚገባው ነው። በአልትራሳውንድ ሲታይ ሁለቱም ኩላሊቶቹ አንሰው ጠጥረው ነበር፤ ይህም ነገሩ የከረመ ለመሆኑ ምልክት ነው። ግፊቱ ኩላሊቱን ገደለው ወይስ ኩላሊቱ ታሞ ግፊቱን አመጣው ብለን ስንጠይቅ ሐኪሙ ትክ ብለው አዩንና «እንዲህ ካረፈደ በኋላ መለየት ያስቸግራል፤ ከሦስት ዓመት በፊት ብታመጡት ኖሮ እነግራችሁ ነበር» አሉን። ከሦስት ዓመት በፊት እኛ ጫማ እየወረወርን ነበር።

ሁሉም የኩላሊት መድከም ግን እንደ ጓደኛችን ዓይነት አይደለም፤ ይህን መለየት ለሕመምተኛውም ለዘመድም ትልቅ ጥቅም አለው። ድንገት የሚመጣ አለ። ብርቱ ተቅማጥና ትውከት የሰውነትን ውሃ ሲጨርሰው፥ እናት በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ሲፈስሳት፥ ወባ ወይም የደም መመረዝ ሲጸና፥ ምንነቱ ያልታወቀ ሥራ ሥር ተበጥብጦ ሲጠጣ ኩላሊት በጥቂት ቀን ውስጥ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። እንዲህ ያለው ፈጥኖ ከተያዘ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ማሽን ቢያስፈልግም ለጥቂት ሳምንት ሊሆን ይችላል። ሽንት በፕሮስቴት ማበጥ ወይም በጠጠር ተዘግቶ የመጣም ከሆነ መንገዱ ሲከፈት ኩላሊት ይተርፋል። ሥር የሰደደው ግን የሞተውን ማጣሪያ መልሶ አያስነሣም። እዚህ ላይ የሐኪሙ ጥበብ የቀረውን ማቆየት ነው። ዋነኞቹ አምጪዎቹም የስኳር በሽታና ደም ብዛት ናቸው፤ ከነሱ ቀጥሎ በወጣቶች ላይ ብዙ የሚታየው የራሱ የማጣሪያው መቈጣት ነው፤ በዘር የሚወረስም አለ። የሚያስቈጨው፥ የቀረውን ለማቆየት የሚሰጡት መድኃኒቶች ብርቅ አለመሆናቸው ነው። ኢናላፕሪል የተባለው ክኒን ግፊትን ከመቀነሱም በላይ በሽንት የሚወጣውን ፕሮቲን ያሳንሳል፤ ባገራችን መድኃኒት ቤቶችም የታወቀ ነው። ነገር ግን የደም ምርመራ እየተደረገ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ እንጂ እንደ ጋሼ ክኒን ከኪስ የሚወጣ አይደለም።

ስለ ውሃም አንድ ቃል እንጨምር፤ በዚህ ነገር ምክር ሰጪ በዝቷልና። ጠጠር ለሚያስቸግረው ሰው ውሃ ማብዛት ጥሩ ምክር ነው። ኩላሊቱ ደክሞ እግሩና ፊቱ ላበጠ ሰው ግን «ውሃ ጠጣ፥ ኩላሊትህ ይታጠባል» ማለት ሳንባውን በውሃ እንደ መሙላት ነው። ሙዝና ብርቱካንም እንዲሁ ለጤነኛ መልካም ሆነው ሳለ ኩላሊቱ ፖታሲየምን ማስወጣት ለተሳነው ሰው ልብን እስከ ማቆም ሊያደርሱ ይችላሉ። ስለዚህ በምግብ ረገድ ጎረቤት የሚመክረውን ሳይሆን ሐኪሙ የደሙን ውጤት አይቶ የሚለውን መስማት ይሻላል። ለሁላችንም የሚስማማው ጨውን መቀነስ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፥ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ነው። ባገራችን ወጥ ውስጥ ይህን ልክ መጠበቅ ቀላል አለመሆኑን እናውቃለን።

ማሽኑን በተመለከተ ታሪኩ የሚያስደንቅ ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. በሆላንድ አገር በግሮኒንገን ከተማ ቪለም ኮልፍ የተባለ ወጣት ሐኪም በኩላሊት መድከም የሚሞት የሃያ ሁለት ዓመት የገበሬ ልጅ ቆሞ ይመለከት ነበር። ሊያደርግለት የሚችለው ምንም ነገር አልነበረም፤ ለእናቱም ልጃቸው የሚሞት መሆኑን መንገር የሱ ድርሻ ሆነ። በየቀኑ 20 ግራም ዩሪያ ከደሙ ማውጣት ብችል ይህ ልጅ ይኖር ነበር ብሎ አሰበና አሳቡን አልተወውም። በጦርነቱ ጊዜ አገሩ በጀርመኖች ተይዛ ሳለች ካምፐን በምትባል ትንሽ ከተማ፥ ለቋሊማ መጠቅለያ የሚያገለግለውን ሴሎፋን በሚሽከረከር በርሜል መሰል ነገር ላይ ጠምጥሞ በ1943 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ማሽን ሠራ። ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ስድስት ያህል ሕመምተኞች የዳነ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1945 እ.ኤ.አ. ግን አንዲት የስድሳ ሰባት ዓመት ሴት ከሞት አፋፍ ተመለሱ። የዛሬው የእጥበት ማሽን የዚያ የቋሊማ መጠቅለያ የልጅ ልጅ ነው።

የልጅ ልጁ ከአያቱ ቢሠለጥንም ከኩላሊት ጋር የሚወዳደር አይደለም። ኩላሊት በሳምንት 168 ሰዓት ይሠራል፤ እሑድ የለው በዓል የለው። የማሽኑ የተለመደው መጠን በሳምንት ሦስት ቀን፥ በየቀኑ አራት ሰዓት ስለ ሆነ ጠቅላላው 12 ሰዓት ነው። ጓደኛችን ግን እንደ ብዙዎቹ የዕድል ጓደኞቹ ገንዘቡም ተራውም ስለማይበቃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይታጠባል። ስምንት ሰዓት ማለት ነው። ለአንድ ቀን እጥበት 120 ሊትር ያህል የተጣራ ውሃ ያስፈልጋል፤ መብራትና ውሃ በሚቋረጥበት ቀን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ምን እንደሚሰማው ለአንባቢ ግምት እንተዋለን። በመካከል ያሉትን ቀናት ጓደኛችን የሚጠጣውን ውሃ በስኒ እየለካ ያሳልፋል። ባለፈው ልንጠይቀው ሄደን ሳለ «እናንተ ውሃ ስትጠጡ ድምፁን ሰምቻችሁ ታውቃላችሁ?» አለን። መልስ አላገኘንለትም።

ከማሽኑ የሚሻለው ንቅለ ተከላ ነው። በታኅሣሥ 1954 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ጆሴፍ መሪና ባልደረቦቹ ከአንድ ወጣት ኩላሊት ወስደው ለመንትያ ወንድሙ ተከሉለት፤ መሪም ለዚህ ሥራ በ1990 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ባገራችን ይኸው ሥራ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በመተባበር ሲጀመር ብዙ ሰው ደስ ብሎታል፤ ኩላሊቱ የሚገኘው ደግሞ ከቅርብ ዘመድ ነበር። ለጓደኛችን ታናሽ እኅቱ ልሰጥ ብላ ምርመራ ጀምራለች። እኅቱም ልጅ ናት፤ እናታቸው ማንኛውን ልጃቸውን አስቀድመው እንደሚያስቡ አያውቁም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ የኩላሊት ሐኪም ማን ነው? የትስ ይገኛል? ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና ከስሙ ነው። ዩሮሎጂስት የሚባለው ቀዶ ሐኪም ሲሆን ሥራው ጠጠርን ማውጣት፥ ፕሮስቴትን ማከም፥ የሽንትን መንገድ መክፈት ነው። ኔፍሮሎጂስት የሚባለው ግን የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኖ የኩላሊትን ሥራ ለብቻው ያጠና፥ ስለ ደም ብዛቱና ስለ ፕሮቲኑ፥ ስለ እጥበቱና ስለ ንቅለ ተከላው ክትትል የሚያውቅ ነው። የሕክምና ትምህርቱን፥ ቀጥሎ የውስጥ ደዌን፥ ከዚያም ኩላሊትን ለመማር የሚፈጅበት ዘመን ሁሉ ሲደመር ከአሥር ዓመት ይበልጣል። በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስ ይህ ትምህርት በአገር ውስጥ እየተሰጠ ነው፤ ቢሆንም ቁጥራቸው ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነው፤ አብዛኞቹም ያሉት በአዲስ አበባ ነው። የእጥበት አገልግሎት በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ፥ በዳግማዊ ምኒልክና በዘውዲቱ ሆስፒታሎች፥ እንዲሁም በግል ሆስፒታሎች አለ፤ ከአዲስ አበባ ውጭም እንደ መቀሌው አይደር ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ማሽኖች ተተክለዋል።

ታዲያ በአንድ ወረዳ የተመደበ ወጣት ሠራተኛ «የኩላሊት ሐኪም ከኔ አምስት መቶ ኪሎሜትር ይርቃል» ቢል ልንፈርድበት አንችልም። ነገር ግን ጥያቄው የተገለበጠ ይመስለናል። ለኩላሊት የመጀመሪያው ሐኪም ከማንም በፊት የጤና ጣቢያው ነርስ ነው። በክንድ ላይ የሚታሰረው የግፊት መለኪያ፥ ሽንት ውስጥ ተነክራ ቀለሟ የምትለወጠው ትንሽ ወረቀት፥ ስኳርና ክሬአቲኒን የሚታይበት ጥቂት ደም፤ በዚህ ይጀመራል። ከዚያ በኋላ ወደ አጠቃላይ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም ይታለፋል። የኩላሊት ስፔሻሊስቱ የሚያስፈልገው የማጣሪያው ግምት ከ30 በታች ሲወርድ፥ በሽንት ብዙ ፕሮቲን ወይም ፕሮቲንና ደም በአንድነት ሲወጣ፥ ቁጥሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲያሽቈለቍል፥ ግፊት በሦስትና በአራት መድኃኒት አልወርድ ሲል፥ ወይም በሽታው በቤተሰብ ውስጥ የሚወረስ ሲሆን ነው። እነዚህን ነገሮች የሚያውቅ ሕመምተኛ «ዶክተር፥ የሪፈር ወረቀት ይጻፉልኝ» ለማለት አያፍርም። ማፈርም አይገባውም፤ መብቱ ነው።

ስፔሻሊስቱ ጋ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ባይሄድ ይበጃል። እኛ ከጓደኛችን ጋር የመጀመሪያ ቀን ስንሄድ የዱሮዎቹ የላቦራቶሪ ወረቀቶች ዶርም ውስጥ ቀርተው፥ የክኒኑን ስም የሚያስታውስ ጠፍቶ «ነጭ ክኒን ነበረ» እያልን አፍረናል። ወረቀት ሁሉ፥ የክኒን ልጣጭ ሁሉ፥ የተጠጣው ሥራ ሥርም ቢሆን ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል። ሥራ ሥር ጠጣሁ ለማለት የሚፈራ ብዙ ነው፤ ሐኪሙ ሊቈጣ ይችላል፤ ቢቈጣም ማወቁ ይበልጣል። ሌላው ትንሽ የሚመስል ትልቅ ነገር ክንድ ነው። ኩላሊቱ እየደከመ የሄደ ሰው ወደ ፊት ለእጥበት የሚሆነው የደም ሥር በክንዱ ላይ በቀዶ ሕክምና መዘጋጀት አለበት፤ ለመጠንከር ደግሞ ሳምንታት ይፈጅበታል። ስለዚህ የማይሠራበትን እጁን፥ ቀኛማ ከሆነ ግራውን፥ ከመርፌና ከደም መቅጃ ማዳን አለበት። ቀድሞ ስፔሻሊስት ጋ የደረሰ ይህ ይነገረዋል። ጓደኛችን ግን ዘግይቶ ስለ ደረሰ የመጀመሪያዎቹን ወራት አንገቱ ላይ በገባ ቱቦ ታጥቧል፤ በቱቦው ምክንያትም ሁለት ጊዜ ትኩሳት ይዞት ተኝቷል።

በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የሚመላለስ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። የታማሚው ፎቶግራፍ በትልቁ የተለጠፈበት መኪና፥ በላዩ ድምፅ ማጉያ፥ በሁለት በኩል ሣጥን የያዙ ወጣቶች። «ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ያቆሙበትን ወንድማችሁን እርዱት!» ይባላል፤ ሰውም ይሰጣል። ሊስትሮው እንኳ ያለችውን ሳንቲም ሲጥል አይተናል። ይህን ርኅራኄ የሚነቅፍ ብዕር ይሰበር። ለጓደኛችንም እኛው ሣጥን ይዘን ዞረናል። ዳሩ ግን በዚያ ቀን ከሰጡን መካከል፥ ከእኛ ከያዝነውም ጭምር፥ በዓመቱ ውስጥ ግፊቱን የተለካ ስንቱ ነው ብለን አሰብን። ለአንድ ሰው የውጭ አገር ሕክምና በአደባባይ የምንሰበስበው ገንዘብ ለስንት ጤና ጣቢያ የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ይገዛል? ሣጥኑ ይቅር አንልም፤ ሣጥኑ የሚዞረው ከረፈደ በኋላ ነው እንላለን። ለማያረፍደው ደግሞ ፎቶግራፍ የለውም፤ ማንም አያለቅስለትም።

ወጣት ሹማምንት ሆይ፤ አንዳንዶቻችሁ በበጀት ላይ ፊርማችሁ ተፈላጊ ሆኗል። አንድ የግፊት መለኪያ ለአንድ የግማሽ ቀን ስብሰባ ከሚወጣው የሻይ፥ የብስኩትና የታሸገ ውሃ ወጪ የሚበልጥ አይመስለንም። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ቢቀመጥና በዓመት አንድ ቀን የጤና ጣቢያ ነርስ ቢጠራ የመንግሥት ሥራ አይበደልም። ተማሪዎችም ብትሆኑ የዶርም ጓደኛችሁ ዓይኑ ሥር አብጦ ሲነሣ፥ ሌሊት ሲመላለስ፥ በግቢያችሁ ክሊኒክ ግፊቱን አስለኩት።

ይህን ለመጻፍ ስንዘጋጅ ሌላውን ከመምከር በፊት ራሳችንን ማሳየት ይገባል ብለን ጋሼን ለመንናቸው።

«ጋሼ፥ ነገ ጠዋት ከእኛ ጋር ጤና ጣቢያ ቢመጡ ምን ይመስልዎታል?»

«እኔ ምን ሆኜ፥ ልጄ? ኩላሊቴን ነው እንጂ ሌላ በሽታ የለብኝም።»

እንደ ምንም ተስማሙ። ነርሷ የጋሼን ክንድ አሥራ ለካች፤ 128 በ78። ሽንታቸውም ንጹሕ፥ ክሬአቲኒናቸውም 0.9 ሆኖ ተገኘ። «አባባ፥ ኩላሊትዎ ደኅና ነው፤ የሚያምዎት ወገብዎ ነው። ይህን ክኒን ግን ካላቆሙ ኩላሊቱም አብሮ ይታመማል» ብላ ልጣጩን ከጠረጴዛው ላይ ወሰደችባቸው። ጋሼ ኩላሊታቸው ደኅና በመሆኑ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለን።

ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። መለኪያው 148 በ96 አለ። እኛም ደረጃውን በሩጫ ስለ ወጣን ነው ብለን ለማስረዳት ሞከርን። ነርሷ አምስት ደቂቃ አስቀምጣ ደግማ ለካች፤ 146 በ96።

«በአንድ ቀን አይፈረድም» አለች እየጻፈች። «ማክሰኞ ጠዋት ቡና ሳትጠጣ ተመለስ፤ ሽንትህንም እናያለን። እስከዚያ ጨው ቀንስ።»

ጋሼ እስከ መሥሪያ ቤት ድረስ አንድም ጊዜ ወገባቸውን ሳይዙ፥ እየሣቁብን ሄዱ። ይህ ጽሑፍ ለማተሚያ ቤት ሲሰጥ ገና ሰኞ ነው።